ተጠግቼ ያነሳሁት የወፍ ፎቶ ለምን አላማረም? ችግርና መፍትሄ

ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሣር ላይ፣ በመንጋ እየተራመደ መሬቱን በምንቃሩ የሚወጋ ጥቁር ወፍ አለ። ምንቃሩ ረጅምና ወደ ታች የቆለመመ ነው፤ ከጉሮሮው ቀጭን ሥጋ ይንጠለጠላል። በእንግሊዝኛ ዋትልድ አይቢስ ይሉታል፤ መኖሪያው የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። ሰው ስለለመደ ያስጠጋል። የቅርብ ፎቶ ስህተት ሁሉ እሱ ላይ ስለሚታይ ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

የምንቃሩ ወይም የጭራው ጫፍ ተቆርጧል

የመጀመሪያ ሰሞን ፎቶዎቼ የተበላሹት በዚህ ነው። የፎከሷ ነጥብ (ካሜራው የሚያጠራበት ቦታ) ፍሬሙ መሃል ስለነበረች የወፉን ዓይን መሃል አስቀምጥ ነበር፤ ያ ሁሉ ምንቃር ታዲያ የሚያርፍበት ያጣል። ከዓይኑ ላይ ስለማልነቀልም የፍሬሙን ጠርዞች አላይም።

ነጥቧን ወደ ጎን ውሰዷት፤ ወፉ ወደ ቀኝ ከዞረ ወደ ግራ። ዙሙንም ከ400 ወደ 300 ሚሊሜትር መልሱት። ወፉ ድንገት ቀና ሊል ወይም ክንፉን ሊዘረጋ ይችላል፤ ትርፍ ቦታው ለዚያ ነው፣ በኋላ ይቆረጣል።

አንዴ ከተቆረጠስ? ጭራ ከሆነ ይድናል። ጫፉ ብቻ የተሸረፈ ፎቶ የተረሳ ነገር ይመስላል፤ ስለዚህ ፈራ ተባ ሳትሉ እስከ ደረቱ መሃል ገብታችሁ ቁረጡና የራስና የአንገት ፎቶ አድርጉት። እግርም እንደዚያው ነው፤ ወይ እስከ ጥፍሩ ይግባ፣ ወይ ጨርሶ ይውጣ። የምንቃር ጫፍ ግን በእኔ እምነት አይድንም። ወፉ የሚበላበትም የሚታወቅበትም እሱ ነውና ያን ፎቶ ተዉት።

ስቆርጠው ጥራቱ ይወርዳል

ነገሩ ሒሳብ ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ወርዱ 6000፣ ቁመቱ 4000 ፒክስል የሆነ ፎቶ ይሰጣል። ከወርዱም ከቁመቱም ግማሽ ብታስቀሩ የሚተርፋችሁ 6 ሜጋፒክስል ነው፤ ሩብ ሩብ ብታስቀሩ 1.5 ብቻ። ባለ 6ቱ በኢንች 300 ፒክስል ቢታተም 25 በ17 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣዋል። ባለ 1.5ቱ ለስልክ እንጂ ለግድግዳ አይሆንም።

የእኔ ልክ ግማሽ ነው። ከዚያ በላይ መቁረጥ ካስፈለገ ወፉ ሩቅ ነበር ማለት ነው፤ መፍትሄውም ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ እሱ ራሱ እስኪቀርብ መጠበቅ ነው። በስልክ የምታነሱም እወቁት፦ ከሌንሱ አቅም በላይ በጣት የምትስቡት ዙም ያው መቁረጥ ነው።

ዓይኑ ደብዝዞ ክንፉ ጠርቷል

ሴንሰሩ አነስ ባለ ካሜራ፣ በ400 ሚሊሜትር ሌንስና በኤፍ 5.6 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ቁጥር ነው)፣ 5 ሜትር ላይ ያለ ወፍ ስታነሱ ጥርት የሚለው ጥልቀት 3 ተኩል ሴንቲሜትር ያህል ነው። ወፉ ፊት ለፊት ካያችሁ ረጅሙ ምንቃርና ዓይኑ አብረው አይጠሩም። ጎኑን እስኪያዞር ጠብቁ፣ ፎከሱን ዓይኑ ላይ አሳርፉ፤ ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ 1/1000 ሰከንድ ይሁን።

ጥቁሩ ወፍ ግራጫ ወጣ

ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ትልቁ ቁራ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ቦታው የጨለመ ይመስለዋልና ብርሃን ይጨምራል። ጥቁሩ ይገረጣል፣ የማጅራቱም ነጭ ይቃጠላል። በካሜራው የ+/- ማስተካከያ ኤክስፖዠሩን (የብርሃኑን ልክ) ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ያህል ቀንሱ። ያው ቁራ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ከጀርባው ነጭ የክረምት ሰማይ ካለ ግን 1 ስቶፕ ጨምሩ። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ፀሐይ ቶሎ አናት ላይ ትወጣለች፤ እኔ የማነሳው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነው።

ወፉ የታፈነ ይመስላል፣ ወይም ከራሱ ላይ ምሰሶ በቅሏል

ለመጀመሪያው፣ ስትቆርጡ ወደሚያይበት በኩል ሰፋ ያለ ቦታ አስቀሩለት። ለሁለተኛው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይበቃል። መሃል ከተማ ሽቦውም ሕንፃውም ብዙ ነውና ተንበርከኩ፤ ከወፉ ዓይን እኩል ስትሆኑ ጀርባው ይርቅና ይለሰልሳል።

ጥበቃው አስቆመኝ

ረጅም ሌንስ መሥሪያ ቤት በበዛበት ሰፈር ያስጠረጥራል፤ ጥበቃውም ሥራውን ነው የሚሠራው። ካሜራውን ከማውጣታችሁ በፊት ሰላም በሉት፣ «ጋሼ፣ ወፍ ነው የማነሳው» ብላችሁ ፎቶ አሳዩት። ግቢውን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ጎጆ ያለበትን ዛፍ የሚያሳያችሁም እሱ ነው። እዚያ ግን አትጠጉ፤ እናቲቱ ደንግጣ ከተነሳች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። ከሩቅ አንሱና የግማሹን ልክ ለዚያች ወፍ ተዉት፤ ሩቡም ይበቃል።