ኒው ቬጋስ ድርግም ሲልባችሁ

የምሠራው ኮምፒውተር ጥገና ቤት ነው። ሰው ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣው ስክሪን ሲሰበር ወይም ዊንዶውስ አልነሳ ሲል ነው። ጌም ወዳዶቹ ግን ሒሳብ ከፍለው ሊወጡ ሲሉ አንድ ጥያቄ አያጡም። «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ እየተጫወትኩ ድንገት ድርግም ይላል። ራም ልጨምር?»

አትጨምሩ። ብራችሁን ለሌላ ነገር አስቀምጡት። 32 ጂቢ ራም ያለው ማሽን ላይም እንዲሁ ይዘጋል።

ጌሙን ኦብሲዲያን ሠርቶ ቤተስዳ ያሳተመው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ለሥራው የተሰጠው ጊዜ 18 ወር ገደማ ብቻ ነበር፤ ጥድፊያውም ያስታውቃል። ታሪኩና ንግግሩ ላይ አፌን ሞልቼ የምከራከርለት ጌም ነው። ውስጡ ግን 32 ቢት ፕሮግራም ነው። ማሽናችሁ የፈለገውን ያህል ራም ቢኖረው፣ እሱ መጠቀም የሚችለው 2 ጂቢ ብቻ ነው። ያ ሲሞላ ይዘጋል። የስህተት መልእክት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። አሁን ሞሃቬ በረሃ ላይ ጊንጥ ላይ ስትተኩሱ ነበር፣ አሁን ዴስክቶፕ ላይ አፍጥጣችኋል።

መጀመሪያ፦ መቼ ነው የሚዘጋው?

«ምን ሞድ ጫንክ?» ብዬ አልጀምርም (ሞድ ማለት ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ማሻሻያ ነው)። መቼ እንደሚዘጋ ነው የምጠይቀው። መልሱ ግማሹን ሥራ ያቀልልኛል።

ዋናው ሜኑ ሳይመጣ የሚዘጋ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሞድ የሚፈልገው ሌላ ፋይል ጠፍቷል። ሞዶች ብቻቸውን አይቆሙም። ከሥራቸው ሆኖ የሚሸከማቸውን ፋይል ማስተር ይሉታል። ሞዱ ዴድ መኒ የሚባለውን ተጨማሪ ክፍል እንደ ማስተር የሚፈልግ ከሆነና እናንተ ጋ ዴድ መኒ ከሌለ፣ ጌሙ ሜኑውን እንኳ ሳያሳያችሁ ይወድቃል።

ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚዘጋ ከሆነ፣ ለምሳሌ ጌሙ ውስጥ ፍሪሳይድ የሚባለውን ሰፈር በር ባለፋችሁ ቁጥር፣ ያን ቦታ የነካ ሞድ ፈልጉ። ወይ ሁለት ሞዶች እዚያ ተጋጭተዋል፣ ወይ አንዱ የተበላሸ ፋይል ይዞ መጥቷል። መንገድ ላይ ትልቅ ቀይ የቃለ አጋኖ ምልክት ቆሞ ካያችሁ ደግሞ የዕቃው ቅርጽ ፋይል የለም ማለት ነው፤ ሞዱ በደንብ አልተጫነም።

ቦታ ሳይመርጥ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ስትጫወቱ ቆይታችሁ የሚዘጋ ከሆነ ያው የ2 ጂቢው ጉዳይ ነው። ትልልቅ ቴክስቸር፣ ማለትም የግድግዳና የዕቃ ገጽ ምስል፣ የጫኑ ሰዎች ላይ ይብሳል። በአልትና ታብ ወደ ሌላ ፕሮግራም ዞር ብላችሁ ስትመለሱ ብቻ የሚዘጋ ከሆነ ግን ብዙ አትጨነቁ። በሙሉ ስክሪን ፋንታ በዊንዶው ክፈቱት።

ከሥር መጀመር

ከዚህ በፊት ሞድ ተጭኖበት የተመሰቃቀለ ጌም ከሆነ አታባብሉት፣ አጥፉት። ጌም የሚሸጠውና የሚጭነው ስቲም ጌሙን ሲያጠፋ ራሱ ያመጣቸውን ፋይሎች ብቻ ነው የሚያነሳው፤ በእጃችሁ የጨመራችኋቸው እዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ የቀረውን ፎልደር ራሳችሁ ሰርዙት። ዶክመንትስ ውስጥ ማይ ጌምስ የሚል ፎልደር አለ፤ በውስጡ በጌሙ ስም የተሰየመ ሌላ ታገኛላችሁ። ሴቮቻችሁን (የደረሳችሁበት የተቀመጠባቸውን ፋይሎች) ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡና የቅንብር ፋይሎቹን አጥፉ። ጌሙ ሲከፈት አዲስ ይሠራል።

አሁን መልሳችሁ ስትጭኑት ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ አታስገቡት። ዊንዶውስ ያን ፎልደር ይጠብቀዋል፤ እዚያ ውስጥ ፋይል ለመቀየር የሚሞክርን ሁሉ ይከለክላል። ሞድ መጫን ደግሞ ሌላ ምንም አይደለም፣ ፋይል መቀየር ነው። ሲ ላይ ጌምስ የሚል ፎልደር ከፍታችሁ ስቲምን እዚያ ጫኑት።

አንድ የእኛ ሀገር ጣጣ ልጨምር። የፎልደሩን ስም በአማርኛ አትጻፉ። የዊንዶውስ ተጠቃሚ ስማችሁንም እንደዚያው። የዚያ ዘመን ፕሮግራሞች ከላቲን ፊደል ውጪ በተጻፈ መንገድ ላይ መደናቀፍ ይወዳሉ። «የልጆች ጌም» የሚል ፎልደር ሳይ ገና ከሩቁ ይደክመኛል።

በፍላሽ ከጓደኛ የተቀዳ ኮፒ ላላችሁም እቅጩን ልንገራችሁ። ከታች የምጠራቸው መሣሪያዎች የተሠሩት ከስቲም፣ ከጎግና ከኤፒክ የኢንተርኔት መደብሮች ለተገዙ ቅጂዎች ነው። ዋናው ፋይል በሌላ ሰው የተነካካ ከሆነ ብዙዎቹ አይቀበሉትም። ቅናሽ ሲመጣ ጠብቃችሁ አልቲሜት ኤዲሽን የሚለውን ግዙ፤ ተጨማሪ ክፍሎቹ በሙሉ አብረው ይመጣሉ። የኤፒኩን የያዘ ሰው ደግሞ ከሁሉም በፊት ለእሱ ብቻ የተሠራ ሌላ ማስተካከያ ያስፈልገዋል፤ ሞዶች የሚወርዱበት ኔክሰስ ሞድስ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ።

ጌሙን ከጫናችሁ በኋላ ያለ ምንም ሞድ አንዴ ክፈቱት። አስጀማሪው መስኮት ማሽናችሁን አይቶ የቅንብር ፋይሎቹን ይጽፋል። ይህን ዘልሎ ሞድ የሚጭን ሰው ኋላ ላይ ምን እንደጎደለ ግራ ይገባዋል። ሁለት ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ከሆነም ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ጌሙ ጠንካራውን እንዲጠቀም ምረጡለት።

ሞድ ከመምረጥ በፊት የሚደረግ ጥገና

የመጀመሪያው 4ጂቢ ፓቸር ነው። ትንሽ ፕሮግራም ነው። ጌሙ ፎልደር ውስጥ፣ ከዋናው ማስጀመሪያ ፋይል አጠገብ አስቀምጡና አንዴ ክፈቱት። የድሮውን ፋይል በመጠባበቂያ ያስቀምጥና ጌሙ ከ2 ጂቢ ይልቅ 4 ጂቢ እንዲጠቀም ያደርገዋል። አንቲቫይረስ ሊጮህበት ይችላል፤ ከኔክሰስ ከራሱ ገጽ ካወረዳችሁት ፍቀዱለት። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ስቲም ላይ የጌሙን ፋይሎች አረጋግጥ የሚለውን ከተጫናችሁ ያልተነካው ፋይል ይመለሳል፣ ፓቸሩንም እንደገና መክፈት አለባችሁ።

ቀጥሎ ኤክስኤንቪኤስኢ። ይህ ጌሙ ሲሠራ ያልነበሩትን ትእዛዞች ይጨምርለታል፤ ዛሬ የሚወጡ ሞዶች አብዛኞቹ ያለ እሱ አይሠሩም። ፋይሎቹን እንደ ሌላው ሞድ በሞድ ማናጀር (ሞዶችን በሚጭነው ፕሮግራም፣ ከታች እመለስበታለሁ) አትጭኗቸው። ፈትታችሁ በቀጥታ ጌሙ ፎልደር ውስጥ፣ ከፓቸሩ ጎን ገልብጧቸው። ከዚያ ጌሙን ክፈቱና ከኢስኬፕ ሥር ያለችውን ቁልፍ ተጫኑ። ኪቦርዱን ቀድማችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። የትእዛዝ መጻፊያው ሲመጣ «ጌት ኤንቪኤስኢ ቨርዥን» የሚለውን ሳትለያዩ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። ቁጥር ከመለሰላችሁ ሥራ ይዟል። ትእዛዙን አላውቀውም ካለ ፋይሎቹ የተሳሳተ ቦታ ገብተዋል።

ሞድ ኦርጋናይዘር 2

ሞድ ማናጀር የግድ ነው። የምመክረው ሞድ ኦርጋናይዘር 2ን ነው፤ በዚህ ማንም አያስለውጠኝም። የጌሙን ፎልደር አይነካም። ሞዶቹን ለየብቻ ያስቀምጥና ጌሙ ሲከፈት ብቻ እዚያ ያሉ ያስመስላቸዋል። አንድ ሞድ ሲያስቸግር ምልክቱን ታነሳላችሁ፣ አለቀ። ጌሙንም ከዚያ በኋላ የምትከፍቱት ከማናጀሩ ውስጥ ነው። በቀጥታ ከስቲም የከፈተ ሰው ሞዶቹን አያገኛቸውም። «ሞዶቼ ጠፉ» ብሎ የሚደውልልኝ አብዛኛው ሰው ያደረገው ይህንኑ ነው።

መስኮቱ ሁለት ጎን አለው። ግራው የፋይሎች ቅደም ተከተል ነው። ሁለት ሞዶች አንድን ግድግዳ ቢቀቡ ከታች ያለው ቀለም ይታያል። ቀኙ ደግሞ የፕለጊኖች፣ ማለትም ጌሙ የሚያነባቸው የሞድ ዋና ፋይሎች፣ ቅደም ተከተል ነው፤ ይሄኛው የጌሙን ሕግ፣ ሰዎቹን፣ ዋጋውን ይመለከታል። እንደ ዕድር ስብሰባ ነው፣ መጨረሻ የተናገረው ሰው ቃል ይጸናል። ግራው ላይ የመብረቅ ምልክት ካያችሁ ሞዱ ከሌላ ሞድ ጋር አንድ ፋይል ይጋራል ማለት ነው እንጂ ተበላሸ ማለት አይደለም። ቀኙ ላይ ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ግን ማውሱን አስጠጉበት፤ የትኛው ማስተር እንደጎደለ ይነግራችኋል። ሜኑ ሳይመጣ የሚዘጋው ጌም መልሱ እዚህ ተጽፏል።

በማናጀሩ መጀመሪያ የሚገቡት ውበት የማይጨምሩ ሞዶች ናቸው። ጂፕ ኤልኤን፣ ጆኒጊታርና ሾውኦፍ የኤክስኤንቪኤስኢ ተቀጥላዎች ናቸው፤ ከጌሙ ስህተቶች ብዙውን ያርማሉ። ኒው ቬጋስ ቲክ ፊክስ መንቀጥቀጡን ያስወግዳል፣ በሴኮንድ ከ60 ፍሬም (ምስል) በላይ ስትወጡም ዕቃዎች እንዳይበሩ ይረዳል። ዩፕ የሚባለው ደግሞ አዘጋጆቹ ሳያርሟቸው የቀሩ የተልእኮና የንግግር ስህተቶችን የሚጠግን ነው፤ ሁሉንም ተጨማሪ ክፍሎች የሚይዘውን ምረጡ። ከ130 በላይ ፕለጊን የመጫን ሐሳብ ካላችሁ ሞድ ሊሚት ፊክስን ጨምሩ፤ ያለ እሱ ጌሙ 139 አካባቢ ሲደርስ መዘባረቅ ይጀምራል። እዚህ ላይ ቆሙና ተጫወቱ። ከጌሙ መነሻ ከተማ ከጉድስፕሪንግስ እስከ ፕሪም በእግር ሂዱ። ካልተዘጋ መሠረቱ ይዟል።

ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ጨምሩ፣ ግን ጥቂት ጥቂት። ኢንተርኔት ሲፈጥን ሃያ ሞድ አውርዶ በአንድ ሌሊት መጫን ያጓጓል። ጠዋት ሲዘጋ ግን ከሃያው የቱ እንደሆነ ማን ያውቃል? አውርዱ፣ የወረዱትን ፋይሎች ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ላይ አኑሩ፣ መጫኑን ግን በየተራ አድርጉት። ለቴክስቸር ደግሞ መካከለኛ መጠን ያለውን ምረጡ። 4 ጂቢ የተፈቀደለትን ጌም በ4ኬ ግድግዳ መሙላት ወደ ነበርንበት መመለስ ነው።

የማትነኳቸው

ዩቲዩብ ላይ የቆዩ ቪዲዮዎች የሚመክሯችሁን ሁሉ አትመኑ። ኒው ቬጋስ አንቲ ክራሽ ዛሬም ስሙ ይጠራል፤ ስህተቱን ግን ይሸፍነዋል እንጂ አያርመውም፣ ጌሙም ተበላሽቶ ይቀጥላል። ስተተር ሪሙቨርም ጊዜው አልፏል፣ ቲክ ፊክስ ተክቶታል። ሉት የሚባለው ቅደም ተከተል አስተካካይ ለሌሎች ጌሞች ይጠቅም ይሆናል፤ ለኒው ቬጋስ ግን የሞዶቹን ገጽ አንብባችሁ በእጃችሁ ብትደረድሩ ይሻላል። በቅንብር ፋይሉ ውስጥ ዩግሪድስ የሚለውን ከ5 ከፍ አድርጉ የሚላችሁን ሰው ደግሞ አመስግናችሁ እለፉት። ሩቅ ያሳያል፣ ሴቫችሁን ግን ይበላል። ቪቫ ኒው ቬጋስ የሚባል በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ አለ፤ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው።

አሁንም ከተዘጋ

ጌሙን ያለ ሞድ ጀምራችሁ ጌሙ ከሚጀምርበት ከዶክ ሚቼል ቤት ደጃፍ ላይ አንድ ሴቭ አድርጉ፣ ለሙከራ ብቻ አስቀምጡት። ሲዘጋባችሁ ከሞዶቹ ግማሹን አጥፉና በዚያ ሴቭ ግቡ። ካልተዘጋ ጥፋቱ ካጠፋችሁት ግማሽ ውስጥ ነው፤ ከተዘጋ ከቀረው። ያን ግማሽ እንደገና ለሁለት ክፈሉት። 60 ሞድ ቢኖራችሁ ስድስት ሙከራ ያህል ይበቃል። ማስተር የሆነውን አጥፍታችሁ የሚደገፍበትን እንዳትተዉ ብቻ ተጠንቀቁ። ክራሽ ሎገር የሚባል ተቀጥላም አለ፤ ጌሙ ሲዘጋ ምን ሲሠራ እንደነበር ጽፎ ያስቀምጣል። ከጽሑፉ አብዛኛው ባይገባችሁም የሞድ ስም ደጋግሞ ከታየ እሱን መጀመሪያ ፈትሹ።

የሙከራውን ሴቭ ለምን ለብቻ አልኩ? የምትጫወቱበትን ሴቭ ይዛችሁ መሀል ላይ ሞድ ካጠፋችሁ፣ ሴቩ የሌለ ነገር መፈለጉን አይተውም። አንዳንዴ ወዲያው ይዘጋል፣ አንዳንዴ ብዙ ቆይቶ። ስለዚህ ዝርዝራችሁን ጨርሱ፣ ከዚያ አዲስ ጌም ጀምሩ፣ እስክትጨርሱም ከዝርዝሩ ምንም አታጥፉ።

አውቶሴቭና ፈጣን ሴቭም ላይ አትደገፉ። በሜኑ ገብታችሁ አዲስ ሴቭ አድርጉ፣ የድሮው ላይ አትደርቡ። ጌሙ ሴቭ እያደረገ መብራት ከጠፋ ያ ፋይል ብዙ ጊዜ አይከፈትም፤ ቀዳሚው ካለ ግን የምታጡት ትንሽ ነው። ዴስክቶፕ የምትጠቀሙ ዩፒኤስ ከሌላችሁ፣ ወደ ትልቅ ከተማ ከመግባታችሁና ረጅም ንግግር ከመጀመራችሁ በፊት አንድ አንድ ሴቭ ጨምሩ። ፋይሎቹ ሲበዙ የቆዩትን ወደ ሌላ ፎልደር ውሰዷቸው።