የተያዘን ዓሣ አስጋሪ መርከብ በዋስትና ስለማስለቀቅ

በሌላ አገር ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠና (ከባሕር ዳርቻው እስከ 200 የባሕር ማይል በሚደርሰው የባሕር ክልል) ውስጥ በሕገወጥ አሰጋገር ተጠርጥሮ የተያዘ መርከብ፣ ከመርከበኞቹ ጋር፣ ምክንያታዊ ዋስትና ሲቀርብ ሳይዘገይ እንዲለቀቅ እ.ኤ.አ. የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 73 ያዛል። የያዘው አገር ይህን ካልፈጸመ መንገዱን የሚያሳየው አንቀጽ 292 ነው። ስለዚህ መርከቡ የተያዘበትን ቀን መዝግቡ፤ የተጠየቀውንም ዋስትና በጽሑፍ ተቀበሉ። አቤቱታውን በሚያየው ፍርድ ቤት ላይ የያዘው አገርና መርከቡ የተመዘገበበት አገር ከተያዘበት ቀን ጀምሮ በ10 ቀናት ውስጥ ካልተስማሙ፣ ሐምቡርግ ለሚገኘው ዓለም አቀፍ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። የያዘው አገር ፍርድ ቤቶች ይግባኙን እስኪጨርሱ መጠበቅ አያስፈልግም።

አመልካቹ መርከቡ የተመዘገበበት አገር ወይም በስሙ እንዲያመለክት ውክልና የሰጠው ሰው እንጂ ባለቤቱ ራሱ አይደለም። ብዙ ባለቤቶች ጠበቃ ፍለጋ ሲሯሯጡ ይህን ይዘነጉታል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የምዝገባ ሰነዱ እንዲመረመር አጥብቄ እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ቤሊዝ በፈረንሳይ ላይ ባቀረበችው የ«ግራንድ ፕሪንስ» ጉዳይ፣ የጊዜያዊ ፈቃዱ ዘመን ስላለፈና ሌሎቹ ሰነዶችም እርስ በርስ ስለተጋጩ፣ ማመልከቻው በቀረበበት ጊዜ መርከቡ የቤሊዝ መሆኑ አልተረጋገጠም፤ ፍርድ ቤቱም ሥልጣን የለኝም ብሎ ዘጋው።

በማመልከቻው ውስጥ መርከቡ የተያዘበት ጊዜና ቦታ፣ አሁን ያለበት ወደብ፣ የመርከበኞቹ ሁኔታ፣ የመርከቡ ዋጋና የተጠየቀው ዋስትና ይገለጹ። በዋጋው ላይ አትቸኩሉ፤ የገለልተኛ ገማች ሪፖርት አያይዙ። ዳኞቹ የዋስትናውን ምክንያታዊነት የሚመዝኑት በጥፋቱ ክብደት፣ ሊጣል በሚችለው ቅጣት፣ በመርከቡና በተያዘው ጭነት ዋጋ እንዲሁም በዋስትናው መጠንና ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በጃፓንና በሩሲያ መካከል በነበረው የ«ሆሺንማሩ» ክርክር 22 ሚሊዮን ሩብል የተጠየቀው ዋስትና ወደ 10 ሚሊዮን የወረደው በዚህ ሚዛን ነበር። ካፒቴኑ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ሙግት ግን ለያዘው አገር ፍርድ ቤት ተዉት፤ እዚህ የሚታየው መለቀቁ ብቻ ነው።

ማመልከቻውን አታዘግዩ። በዚያው ዓመት በተወሰነው የ«ቶሚማሩ» ጉዳይ መርከቡ በመጨረሻ ፍርድ ስለተወረሰ የልቀቁ ጥያቄው ትርጉም አጥቷል። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ግን ሂደቱ ፈጣን ነው፦ ክርክሩ በ15 ቀናት ውስጥ ይሰማል፤ ፍርዱም ክርክሩ ካበቃ በ14 ቀናት ውስጥ ይነበባል። ስለዚህ ከያዘው አገር ባንኮች ጋር የሚሠራ፣ የባንክ ዋስትና ሊሰጥ የሚችል ባንክ ከፍርዱ በፊት አነጋግራችሁ አዘጋጁ።