ያረጀ የትምህርት ቤት ስልክ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ዝናብ በዘነበ ቁጥር የጽሕፈት ቤቱ ስልክ የሚንሿሿ ወይም ጭራሹን የሚጠፋ ከሆነ፣ ቀፎ ከመቀየር በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን የመስመር ማከፋፈያ ሳጥን ከፍቶ ማየት ይገባል። የመዳብ ሽቦዎቹ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ካወጣ፣ እርጥበት ገብቶ ግንኙነቱን አበላሽቶታል ማለት ነው። ጫፉን ቆርጦ እንደገና ማሰርና ሳጥኑን መድፈን ለጊዜው ይረዳል። ይሁን እንጂ ብልሽቱ ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው ክፍል የሚነሣ ከሆነና ጥሪዎችን ለየክፍሉ ለሚያከፋፍለው ማዞሪያ መለዋወጫ ካልተገኘ፣ የጥገናውን ገንዘብ ወደ ኢንተርኔት ስልክ ለመሸጋገር ማዋሉ ይሻላል።

ከለውጡ በኋላ በብዛት የሚሰማው ቅሬታ ድምፅ ይቆራረጣል የሚል ነው። ብዙዎች የኢንተርኔቱን ፍጥነት ለማሳደግ ይቸኩላሉ፤ ነገር ግን አንድ ጥሪ በየአቅጣጫው የሚፈልገው በሰከንድ ከ100 ኪሎቢት አይበልጥም። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ወረፋ ነው፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ሲከፍቱ የስልኩ ድምፅ ከኋላቸው ተሰልፎ ይዘገያል፣ መዘግየቱም ከ150 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ ተነጋጋሪዎቹ አንዱ የሌላውን ቃል መሻማት ይጀምራሉ። ስለዚህ ለስልኮቹ ቪላን የሚባለውን፣ በዚያው ኔትወርክ ውስጥ ለብቻ የሚከፈል መስመር መለየት፣ የኔትወርክ ገመዶቹ በሚገናኙበት ስዊችም ከኢንተርኔት ጋር በሚያገናኘው ራውተርም ላይ ለድምፅ ቅድሚያ መስጠት ያስፈልጋል።

ጥሪው ተነሥቶ አንዱ ወገን ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ በራውተሩ ላይ ያለውን ሲፕ ኤኤልጂ የተባለ፣ የኢንተርኔት ስልክ መልእክቶችን በመካከል የሚቀይር አሠራር አጥፍቶ መሞከር ነው፤ ካልተስተካከለ ፋየርዎሉ (የኔትወርኩ መከላከያ) የድምፁን መግቢያ ዘግቶ እንደሆነ ይታይ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው መብራት ሲጠፋ ስልኮቹ በሙሉ የሚዘጉበት ሁኔታ ነው። አሮጌው መስመር ከስልክ ጣቢያው 48 ቮልት ገደማ ኃይል ይዞ ስለሚመጣ፣ በቀጥታ የተገናኘ ቀፎ በጨለማም ይሠራ ነበር። አዲሱ ስልክ ግን ኃይሉን የሚያገኘው በኔትወርክ ገመዱ በኩል ከስዊቹ ነው። ለራውተሩ ብቻ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ገዝቶ የሌላውን ሕንፃ ስዊች መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው፤ በዚያ ሕንፃ የታመመ ልጅ ይዛ ስልክ የምታነሣ መምህርት የምታገኘው ዝምታ ብቻ ይሆናል። ተማሪዎች ከወጡ በኋላ ዋናውን ቆጣሪ አጥፍቶ እያንዳንዱን ስልክ በእጅ እያነሡ መፈተሽ ግድ ነው። በአደጋ ጊዜ ጠሪው ያለበት ሕንፃና ክፍል እንዲታወቅም የእያንዳንዱ ስልክ ቦታ በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ በትክክል መመዝገብ አለበት።

የእሳት ማስጠንቀቂያው፣ የሊፍቱ የአደጋ ጊዜ ስልክና ፋክሱም ብዙውን ጊዜ በዚያው አሮጌ መስመር ላይ ተንጠልጥለው ይገኛሉ። ማስጠንቀቂያውን የዘረጋው ባለሙያ ሳይጠየቅ መስመሩ አይነካ፤ ወላጆች የሚያውቁት ቁጥርም ወደ አዲሱ አገልግሎት ተዛውሮ ጥሪ መቀበል እስኪጀምር የአሮጌው መስመር ውል አይቋረጥ፣ ውሉ ቀድሞ ከተዘጋ ቁጥሩ አብሮ ሊጠፋ ይችላልና።