ከኩዌሪ ውጤት የሚፈሰውን ሜሞሪ ፈልጎ መድፈን

ኮምቦልቻ ያለ የእህል መጋዘን የሽያጭ ሪፖርቱን ፖስትግሬስ ከሚባል የዳታቤዝ ሰርቨር በኩዌሪ፣ ማለትም በመረጃ ጥያቄ፣ ያወጣል እንበል። ጠዋት ፈጣን የነበረው ፕሮግራም ከሰዓት ይንቀራፈፋል፣ ማታ ራም አልቆ ይዘጋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ከዜሮ ስለሚነሳ ችግሩ የተፈታ ይመስላል፤ ግን ተደበቀ እንጂ አልተፈታም። ሜሞሪ ይፈሳል (ሊክ) የሚባለው የተወሰደ ሜሞሪ ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይለቀቅ ሲቀር ነው።

መጀመሪያ የሚፈሰው ከሰርቨሩ ይሁን ከፕሮግራሙ ይለዩ። የሪፖርቱን ኩዌሪ በአንድ ግንኙነት 1000 ጊዜ እያስኬዱ ሰርቨሩንም ፕሮግራሙንም የሜሞሪ አጠቃቀም በሚያሳየው የሊኑክስ ትእዛዝ «ቶፕ» ይከታተሉ። «ሬስ» ከሚለው፣ ሂደቱ የያዘውን ራም ከሚያሳየው ዓምድ የጋራ ሜሞሪውን፣ ማለትም «ኤስኤችአር»ን ይቀንሱ። ሰርቨሩ ግንኙነቶች ሁሉ የሚጋሩትን የሜሞሪ ቋት በነካ ቁጥር ሬስ ስለሚያድግ ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይወነጀላል። ልዩነቱ ትንሽ አድጎ ከቆመ ደህና ነው፤ ሳያቋርጥ ከጨመረ ይፈሳል።

ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮግራሙ ነው። በሲ የተጻፈ ከሆነ ኩዌሪውን የሚያስኬደው ፈንክሽን «ፒኪው-ኤግዜክ» የሚመልሰው እያንዳንዱ ውጤት በ«ፒኪው-ክሊር» መለቀቅ አለበት፣ ኤረር የተመለሰበትም ጭምር። የሚረሳውም ይኸው ነው፦ ኩዌሪው ሲሳካ ይለቀቃል፣ ሲከሽፍ ግን ፈንክሽኑ ሳይለቅ ይወጣል። ሉፕ ውስጥ ደግሞ አዲሱ ውጤት ያልተለቀቀውን አሮጌ ተክቶ ይቀመጣል። ግንኙነቱን መዝጋት ውጤቱን አይለቅም። ማይኤስኪውኤል በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ የሚለቅቀው «ማይኤስኪውኤል-ፍሪ-ሪዘልት» ነው።

ሁሉም ነገር እየተለቀቀ ራም የሚያልቅ ከሆነ ሊክ ሳይሆን የውጤቱ ብዛት ነው፤ ፒኪው-ኤግዜክ ሁሉንም ረድፍ ባንዴ ይጭናል። ትራንዛክሽን ከፍተው ከርሰር (ውጤቱን በከፊል በከፊል የሚያመጣ) ያውጁና 1000፣ 1000 ረድፍ ያምጡ። በፓይተን፣ ሳይኮፒጂ2 በተባለው ላይብረሪ፣ ለከርሰሩ ስም መስጠት ይበቃል፤ በሉፕ ሲያነቡት በነባሪ 2000 ረድፍ እየቆረጠ ያመጣል። በጃቫ አውቶኮሚት (እያንዳንዱን ትእዛዝ ወዲያው የሚያጸድቀው) ካልጠፋ ባንዴ የሚመጡትን ረድፎች የሚወስነው የ«ፌች-ሳይዝ» ቁጥር ዋጋ የለውም።

ያደገው ሰርቨሩ ከሆነ ከፖስትግሬስ ስሪት 14 ጀምሮ «ፒጂ-ሎግ-ባክኤንድ-ሜሞሪ-ኮንቴክስትስ» የሚለውን ፈንክሽን በሂደቱ መለያ ቁጥር (ፒአይዲ) ይጥሩ፤ ሜሞሪው የት እንደተከማቸ ሎጉ ላይ ይጽፋል። ለመደርደርና ለመሰል ሥራ የሚፈቀደውን የሜሞሪ ልክ፣ «ወርክ-ሜም»ን፣ ከፍ ማድረግ እዚህ ላይ መፍትሔ አይደለም። ነባሪው 4 ሜጋባይት የሚቆጠረው ለእያንዳንዱ የመደርደር ሥራ ነው፤ 256 ሜጋባይት ቢያደርጉትና 50 ግንኙነቶች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደረድሩ ወደ 12.5 ጊጋባይት ሊበላ ይችላል።

ኩዌሪው ሲያልቅ ሜሞሪው ከወረደ ምናልባት ክምችቱ በእያንዳንዱ ረድፍ የሚጨምር ነው፤ በሲ የተጻፈ ኤክስቴንሽን (ሰርቨሩ ላይ የተጨመረ ተቀጥላ) ካለ እሱን ነቅለው ይሞክሩ። ግንኙነቱ ሲዘጋ ብቻ ከወረደ የስሪቱን የቅርብ ጊዜ እርማት ይጫኑ፤ እስከዚያው ፑሉ (ግንኙነቶችን ከፍቶ የሚያቆየው) ግንኙነቶችን በየ30 ደቂቃው እንዲያድስ ያድርጉ።