ማይልዎ ከተሰረቀ ለጥሪ ማዕከሉ ምን ይዘው ይደውሉ?

በኢትዮጵያ አየር መንገድ የአባልነት ፕሮግራም በሼባማይልስም ሆነ በሌላ አየር መንገድ ያጠራቀሙት ማይል (በመብረር የሚገኝ፣ ቲኬት የሚቆረጥበት ነጥብ) ሳይጠቀሙበት ከቀነሰ፣ ወይም «ኢሜይልዎ ተቀይሯል» የሚል መልእክት ከደረሰዎት፣ ስልክ ከማንሳትዎ በፊት የኢሜይልዎን ፓስወርድ ይቀይሩ። የማይል አካውንቱ ፓስወርድ የሚታደሰው በኢሜይል ነው፤ ኢሜይሉ በሌባው እጅ እያለ አካውንቱን ቢያስመልሱ እንደገና ይወስደዋል። ጂሜይል ከሆነ በኮምፒውተር ገብተው ሴቲንግ ውስጥ ያሉትን ፊልተሮች (መልእክት በራሳቸው የሚለዩ ትእዛዞች) እና ፎርዋርዲንግ (መልእክትን ወደ ሌላ አድራሻ ማስተላለፊያ) ይፈትሹ። የአየር መንገዱን መልእክት እየጠለፈ ወደ ቆሻሻ የሚጥል ፊልተር ካገኙ ስክሪንሾት አንስተው ያጥፉት።

ሰውን የሚያስመርረው ቀጥሎ ያለው ነው። የጥሪ ማዕከሉ ሠራተኛ ማንነትዎን የሚያጣራው ሲስተሙ ላይ ባለው ኢሜይልና ስልክ ነው። ሌባው ቀይሯቸው ከሆነ ባለቤቱ «መረጃዎ አይመሳሰልም» ተብሎ ይመለሳል። እዚህ ላይ መጨቃጨቅ ጊዜ ያባክናል፤ «መረጃው የተቀየረው ያለ እኔ ፈቃድ ነው፣ በሰነድ አጣሩኝ» ይበሉ። ከአባልነት ቁጥሩ ጋር ፓስፖርትዎን፣ የድሮውን ኢሜይል፣ ቀድሞ የበረሩባቸውን ቀኖችና የቲኬት ቁጥሮች ይዘው ይጠብቁ። የቲኬት ቁጥር 13 አሃዝ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል።

መጀመሪያ የሚጠይቁት ማይሉ እንዲመለስ ሳይሆን አካውንቱ እንዲታገድ ይሁን። ማስመለሱ ምርመራ ስላለበት ይቆያል። በማይልዎ የተቆረጠ፣ ገና ያልተበረረበት ቲኬት ካለ ግን መነሻ ሰዓቱ ሳይደርስ እንዲሰረዝ አጥብቀው ይጠይቁ፤ ሌቦች ቅርብ ቀን የሚነሳ በረራ የሚመርጡት ባለቤቱ እንዳይቀድማቸው ነው።

የጉዳይ ቁጥር ሳይቀበሉ ስልኩን አይዝጉ። በዚያው ቀን የተባባሉትን በኢሜይል ይጻፉላቸው፤ ከዚያ በኋላም በዚያው ኢሜይል ላይ ይቀጥሉ እንጂ አዲስ ቅሬታ አይክፈቱ፤ ጉዳይዎ ተከፋፍሎ ወደ ወረፋው መጨረሻ ይመለሳል። ከአሜሪካ የሚነሳ ወይም ወደዚያ የሚበር አየር መንገድ ከሆነ፣ በጽሑፍ ለቀረበ የበረራ አገልግሎት ቅሬታ በ30 ቀን ውስጥ መቀበሉን ማሳወቅ፣ በ60 ቀን ውስጥ ደግሞ ምላሽ መስጠት አለበት። ዝም ካለ ለአገሪቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በድረ ገጹ ያመልክቱ።

ቅሬታዎን ፌስቡክ ላይ ከጻፉ «የደንበኞች አገልግሎት ነን» እያሉ በቴሌግራም የሚመጡ አይጠፉም። በስልክዎ የገባውን የማረጋገጫ ኮድ ከጠየቁ ሌቦች ናቸው፤ ወዲያው ብሎክ ያድርጓቸው።

አካውንቱ ሲመለስ ሌላ ቦታ ያልተጠቀሙበትን ፓስወርድ ያስገቡ፤ በማይልዎ እንዲጓዙ የተመዘገቡ የማያውቋቸው ስሞች ካሉም ያስሰርዙ።