ማዳበሪያ ገብቶ ሰብሉ ሲቀጭጭ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ሰብል ሲቀጭጭ መጀመሪያ የሚመጣልን ሐሳብ «ማዳበሪያው አንሶ ይሆናል» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ያነሰ ነገር የለም። ማዳበሪያው ሥሩ የማይደርስበት ቦታ ነው ያለው፣ ወይም አፈሩ ራሱ ይዞታል።

ስለዚህ ሌላ ከረጢት ከመክፈታችሁ በፊት አካፋ ይዛችሁ ማሳ ግቡ። ከደህናው ቦታ አንድ፣ ከደከመው ቦታ አንድ ተክል ከነአፈሩ ቆፍራችሁ አውጡና ሥራቸውን ጎን ለጎን እዩ። ስባችሁ አትንቀሉ። ሲነቀል ቀጫጭኑ ሥር አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ማየት ያለባችሁ ደግሞ እሱን ነው።

ዘሩ አልበቀለም፣ ወይም እዚህም እዚያም ብቻ በቀለ

ያልበቀለበትን ቦታ በጣታችሁ ጫር ጫር አድርጉ። ዘሩ አብጦ፣ የሥሩ ጫፍ ግን ቡናማ ሆኖ ካገኛችሁት እና የማዳበሪያ ፍሬ አጠገቡ ካለ ማዳበሪያው አቃጥሎታል። ማዳበሪያ ጨው ነው፤ ዘሩ የሚፈልገውን ውሃ ይሻማዋል። ዩሪያና ዳፕ (ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የያዘው ማዳበሪያ) ከዚህም በላይ ቡቃያውን የሚጎዳ አሞኒያ ይለቃሉ። አሸዋማና ደረቅ አፈር ላይ ጉዳቱ ይብሳል።

የሞተው አይነሳም። ጊዜው ካላለፈ ከድሮው መስመር ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ ድጋሚ ዝሩ። ለሚቀጥለው ግን ማዳበሪያው ከዘሩ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን፣ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ይሁን። ሜትር ከሌለ ሦስት ጣት ገደማ ነው።

ቡቃያው ወይን ጠጅ መሰለ

በቆሎ ላይ በደንብ ይታያል፤ ታችኛው ቅጠል ከጠርዙ ይጀምራል። የፎስፈረስ እጥረት ነው። ፎስፈረስ ከወደቀበት ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ሥሩ ነው ሄዶ የሚያገኘው። በብተና ከሰጣችሁት ላይ ላዩን ይቀራል፤ የቡቃያው ትንሽ ሥር ደግሞ ገና አይደርስበትም። ከበቀለ በኋላ ከላይ መጨመር ብዙም አይጠቅምም፣ ጊዜው ዘር ሲዘራ ነው፤ በመስመር፣ ከዘሩ ጎን።

አየሩ ቀዝቅዞ ከሆነ ግን ጥቂት ቀን ታገሡ። ቅዝቃዜም ይህን ቀለም ያመጣል፣ ሲሞቅ ራሱ ይለቃል።

በመስመር ሰጥታችሁም ካልተለወጠ፣ ሥሩም አጭር፣ ወፍራምና ቅርንጫፍ አልባ ከሆነ አፈሩ አሲዳማ መሆኑን ጠርጥሩ። ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይመርዛል፤ ፎስፈረሱንም ይይዘዋል። እዚህ ላይ ማዳበሪያ መደራረብ ገንዘብ መቅበር ነው። አፈሩን አስመርምሩ፣ በውጤቱ ልክ ኖራ ከመዝራታችሁ ሳምንታት ወይም ወራት ቀድማችሁ እስከ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ። ኖራና ዩሪያን ላይ ላዩን አብራችሁ አትበትኑ፤ ዩሪያው በኖ ይሄዳል።

ታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆነ

ቢጫው ከቅጠሉ ጫፍ ተነስቶ በመሃል አጥንቱ ወደ ግንዱ ከወረደ ናይትሮጅን ጠፍቷል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ታችኛው አረንጓዴ ከሆነ ግን የሰልፈር እጥረትን አስቡ።

ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፣ ግን መሸሽ ያውቃል። እርጥብና ሞቃት አፈር ላይ ሳይሸፈን ከቀረ ወደ አሞኒያ ጋዝ ተቀይሮ ይተናል። ሌሊት በጤዛ ቀልጦ ጠዋት ነጩ ፍሬ ስለጠፋ ሥር ደረሰ ማለት አይደለም። ከተክሉ አጠገብ ቦይ አውጥታችሁ ጨምሩና አፈር አልብሱት፣ ወይም ጥሩ ዝናብ ሊመጣ ሲል ስጡ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትስጡ። ከፊሉን ሲዘራ፣ ቀሪውን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ።

ማሳው ውሃ ከተኛበት መጀመሪያ ውሃውን በቦይ አጠንፍፉ። ዋልካ አፈር ላይ ይህ የግድ ነው። ሥሩ ቡናማ ሆኖ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ትንፋሽ አጥሮታል፤ ውሃው ሳይወርድ የምትጨምሩት ናይትሮጅንም ይባክናል።

በቅርቡ ገለባ ገልብጣችሁ ቀብራችሁ ከሆነ ደግሞ ገለባውን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት የአፈሩን ናይትሮጅን እየተሻሙ ነው። ቀድሞ መቅበር፣ ወይም ኮምፖስት አድርጎ መስጠት ይሻላል።

የታችኛው ቅጠል ዳር ዳሩ ብቻ የተቃጠለ ከመሰለ የፖታሲየም እጥረት ነው።

ዝናብ ትንሽ ሲዘገይ ቶሎ ጠወለገ

ሥሩ ወደ ታች ወርዶ በድንገት ወደ ጎን ከታጠፈ እጃችሁ ላይ ማስረጃ አለ፦ ከታች ጠጣር ንጣፍ አለ። አፈሩ እርጥብ ሳለ ቀጭን ብረት ግፉ፤ በቀላሉ ገብቶ ድንገት የሚቆምበት ቦታ እሱ ነው። በየዓመቱ በአንድ ጥልቀት ማረስና እርጥብ አፈር ላይ መመላለስ ያመጣዋል። አፈሩ ሲደርቅ ጠለቅ አድርጋችሁ ስበሩት፣ በፈረቃም ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ሰብል ዝሩ።

መፍትሄውን ስትሞክሩ አንድ መስመር ሳትነኩ ተዉ። አጨዳ ሲደርስ ከሁለቱም እኩል ርዝመት አጭዳችሁ ለየብቻ መዝኑ።