ቤት የሰራችሁት የዳይኒንግ ወንበር አስቸገራችሁ? ችግሩና መፍትሄው

ባለ ስፖንጅ የዳይኒንግ ወንበር ቤት ውስጥ መስራት ይቻላል፣ የስድስት ወንበር ዋጋ ጠይቆ የተመለሰ ሰው ደግሞ መሞከሩ አይቀርም። ግን ወንበር እንደ መደርደሪያ ዝም ብሎ የሚቆም ዕቃ አይደለም፣ ሰው ወደኋላ ይለጠጥበታል፣ ልጅ ይቆምበታል፣ በልቶ የጠገበ እንግዳ በአንድ ጎን ተደግፎ ሲነሳ ክብደቱ በሙሉ አንድ መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል፣ ለዛ ነው ብልሽቱ ቶሎ የሚወጣው። ስለዚ ጨርቁ ላላ፣ ስፖንጁ ተንሻፈፈ ብላችሁ ከላይ መፍታት ከመጀመራችሁ በፊት ባካችሁ ወንበሩን ገልብጡትና ስሩን እዩት። ከላይ የሚታየው ነገር ብዙ ጊዜ መነሻው እንጨቱ ነው፣ እንጨቱ ሳይስተካከል ጨርቅ መቀየር ብር ማባከን ነው።

ወንበሩ ይወዛወዛል

መጀመሪያ ወለሉን አጣሩ። ወንበሩን ሁለት ሶስት ቦታ አዙራችሁ አስቀምጡት፣ ሁሉም ቦታ ላይ ያው አንዱ እግር ከተንሳፈፈ ጥፋቱ የወንበሩ ነው፣ ቦታ ሲቀየር ጸጥ ካለ ግን ሴራሚኩ ነው። ቀጥሎ መቀመጫውን በጉልበታችሁ ያዝ አድርጋችሁ መደገፊያውን ወደፊት ወደኋላ ግፉት። እግሩና አግዳሚው (እግሮቹን የሚያያይዘው ከመቀመጫው ስር ያለው እንጨት) የሚገናኙበት ቦታ ላይ ስንጥቅ ሲከፈትና ሲዘጋ ካያችሁ ችግሩ መገጣጠሚያው ነው፣ «መገጣጠሚያው ይላቀቃል» ወደሚለው እለፉ። ምንም ካልተነቃነቀ እግሮቹ ቁመታቸው እኩል አይደለም ወይ ደግሞ ኮላ ሲቀባ ፍሬሙ ተጣሞ ደርቋል።

እግር ለማስተካከል ረጅም የመሰላችሁን እግር በዓይን ግምት አትቁረጡ፣ አንዱን ስትቆርጡ ሌላው ይረዝምና ወንበሩ እያጠረ ይሄዳል። ወንበሩን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አቁሙት፣ ለምሳሌ ያልተጣመመ ወፍራም ፕላይውድ ላይ፣ የሚንሳፈፈው እግር ስር ወረቀት እያጠፋችሁ ክተቱ እስኪረጋ ድረስ። ከዛ አንድ ቀጭን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ እርሳስ አጋድማችሁ ሳታነሱት በአራቱም እግር ዙሪያ አስምሩና መስመሩን ተከትላችሁ ቁረጡ። ቁመቱን ብቻ ልብ በሉ፣ የምግብ ጠረጴዛ ብዙውን ጊዜ 75 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ መቀመጫው ደግሞ ከነስፖንጁ 45 አካባቢ ሲሆን ነው ሰው ተመችቶት የሚበላው።

መገጣጠሚያው ይላቀቃል

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው፣ መነሻውም አንድ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የማየው ብሎን በእግሩ አልፎ አግዳሚው ጫፍ ውስጥ ቀጥ ብሎ ገብቶ በሱ ብቻ ታምኖ ነው። እንጨት በተቆረጠበት ጫፍ በኩል ብሎን በደንብ አይዝም፣ የብሎኑ ጥርስ በጭረቶቹ መሃል ይገባል እንጂ አይነክሳቸውም፣ ሰው በተቀመጠ ቁጥር ቀዳዳው እየሰፋ መጨረሻ ላይ ብሎኑን በጣት መፍተል ትችላላችሁ፣ ሲወጣም ጥርሱ ላይ ደቃቅ ዱቄት ታገኛላችሁ። እሱን ዱቄት ካያችሁ ብሎኑን ደጋግሞ ማጥበቅ ዋጋ የለውም፣ ወፍራም ብሎን መቀየርም ለጊዜው ነው።

ሌላው እርጥብ እንጨት ነው። ባህር ዛፍ ርካሽም ጠንካራም ነው ግን ሳይደርቅ ከተሰራ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። ክረምት ላይ ተገዝቶ ክረምት ላይ የተገጠመ ወንበር ጥር የካቲት ላይ ሲላላ የሚታየው ለዛ ነው (ውጭ ያላችሁ ደግሞ ቤቱ ሂተር ሲከፈትበት ያው ነው የሚሆነው)። ዋንዛ ለመላግም ቀላል ነው ብዙም አይጣመምም፣ ካገኛችሁ እሱን ያዙ፣ እሱም ቢሆን መድረቅ አለበት። ጣውላው መድረቁን ለማወቅ ከመሃሉ ትንሽ ቁራጭ ቁረጡና በወጥ ቤት ሚዛን መዝናችሁ ግራሙን እላዩ ላይ ጻፉበት፣ ቤት ውስጥ አስቀምጣችሁ በየሳምንቱ መዝኑት፣ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ከቤታችሁ አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። ጣውላውም እዛው ቤት ውስጥ፣ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት ገብቶለት አየር እያገኘ ይቀመጥ።

ሶስተኛው ኮላው ነው። ነጩ የእንጨት ኮላ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ነው የሚይዘው፣ ቫርኒሽ የተቀባ ወይ አሮጌ ኮላ የደረቀበት ቦታ ላይ ግን የሚሰርግበት የለም። ስለዚ የላላውን መገጣጠሚያ ከላይ ኮላ እያፈሰሱ ማዳን አይሆንም። ፍቱት። አልፈታም ካለ ኮምጣጤ ሞቅ አድርጋችሁ በጨርቅ ያዙበት፣ ኮላው ይለሰልሳል፣ ከዛ በመሮ ፍቃችሁ ንጹህ እንጨት እስኪታይ አጽዱና አድርቁ። ገቢው ጫፍ (እግሩ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው የአግዳሚው ጫፍ) ቀዳዳው ውስጥ የሚንሸራሸር ከሆነ ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ መሙላት የተለመደ ነው፣ እኔ አልመክርም፣ ክፍተቱን ይሸፍናል እንጂ ጉልበት የለውም። ከመላጊያ የወጣ ስስ የእንጨት ልጥ ጫፉ ላይ በኮላ ለጥፋችሁ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት እያሻሻችሁ በእጅ ግፊት እንዲገባ አድርጉት።

ሲገጠም መጠበቅ አለበት። ሞርሳ (እንጨት አጥብቆ የሚይዝ መሳሪያ) ከሌላችሁ ገመድ ፍሬሙን ዙሪያውን አስራችሁ መሃል ላይ በዱላ አጠማዝዙት፣ ገመዱ እንጨቱን እንዳይበላው ማዕዘኖቹ ላይ ጨርቅ አድርጉ። ወዲያው፣ ኮላው ሳይዝ፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሜትር ለኩ። ፊቱ ከኋላው ቢሰፋም ሁለቱ መስቀለኛ ልኬቶች እኩል መሆን አለባቸው፣ ካልሆኑ ረጅሙን ጫን አድርጋችሁ አስተካክሉ። 24 ሰዓት አትንኩት፣ በሁለት ሰዓት የደረቀ ይመስላል ግን ሸክም አይችልም። መጨረሻ ላይ አራቱም ማዕዘን ውስጥ ከስር ባለ ሶስት ማዕዘን ወፍራም ቁራጭ በኮላም በብሎንም እሰሩ። የኋላዎቹን ሁለቱን በተለይ እንዳትዘሉ፣ ሰው ሲለጠጥ ጫናው እዛ ነው የሚያርፈው።

ከሰራችሁት በኋላ ፍሬሙ ራሱ ተከፈተ

ተነስቶ የሚገባ መቀመጫ፣ ማለትም ጨርቅ የለበሰ ፕላይውድ በአግዳሚዎቹ መሃል የሚገባበት ከሆነ ጨርቁን አስቡ። ፕላይውዱ ባዶውን ልክክ ብሎ ከገባ ጨርቅ ሲለብስ አይገባም፣ በጉልበት ካስገባችሁት ደግሞ አግዳሚዎቹን ወደ ውጭ ገፍቶ የያዘውን ኮላ ይሰነጥቀዋል። በየጎኑ 2 ሚሊ አካባቢ ክፍተት ተዉ፣ ለወፍራም ጨርቅ 3።

ስትቀመጡ እንጨቱ ይቆረቁራል

ስፖንጁ ስስ ነው ወይ ዴንሲቲው (እፍጋቱ) ዝቅተኛ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ በጡጫ ተጫኑት፣ ጠረጴዛው ከተሰማችሁ ተዉት። 5 ሴንቲ ውፍረት፣ ዴንሲቲው ከ30 (ኪሎ በሜትር ኩብ) የማያንስ ለዳይኒንግ ይበቃል። ከአሮጌ ፍራሽ የተቆረጠ ስፖንጅ አትጠቀሙ፣ ጉልበቱን ጨርሷል። ስፖንጁ የሚንሸራተት ከሆነ በማስቲሽ ፕላይውዱ ላይ ለጥፉት፣ ግን ማስቲሽ እሳት ይወዳል ሽታውም ራስ ያዞራል፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ከሰል ወይ ጋዝ በሌለበት ይሁን።

ሌዘሩ እንደ ፊኛ ይነፋል

አየር መውጫ አጥቶ ነው። ስፖንጁን ከመለጠፋችሁ በፊት ፕላይውዱን አምስት ስድስት ቦታ በድሪል ብሱት። ለብሶ ካለቀም ከስር ይበሳል፣ ድሪሉ ስፖንጁ ውስጥ እንዳይገባ ጫፉ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ጥልቀቱን ምልክት አድርጉ።

ጨርቁ ይሸበሸባል፣ መስመሩም ይጣመማል

ከአንድ ማዕዘን ጀምራችሁ ዙሪያውን እየመታችሁ ስለሄዳችሁ ነው። ስቴፕሉን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ አንሱ፣ ጨርቁ እንዳይቀደድ ቀስ ብላችሁ። እንደገና ስትጀምሩ የፊቱን መሃል አንድ ምቱ፣ የኋላውን መሃል ሳብ አድርጋችሁ አንድ፣ ከዛ ግራና ቀኝ መሃል። አሁን ገልብጣችሁ የጨርቁ መስመር ቀጥ ማለቱን እዩ፣ ልክ ከሆነ ከመሃል ወደ ማዕዘን ተቃራኒ ጎኖችን እያፈራረቃችሁ ሂዱ። ማዕዘን የመጨረሻ ነው፣ መጀመሪያ ጫፉን ወደ መሃል ሳቡና ምቱ፣ የተረፈውን ግራና ቀኝ አጥፉ፣ ውስጥ የቀረውን ትርፍ ጨርቅ ቀንሱ ካልሆነ ያብጣል። ለ12 ሚሊ ፕላይውድ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ስቴፕል ይበቃል።

ሲጢጥ ይላል

ብሎኑ ላልቷል ወይ ፕላይውዱ ከአግዳሚው ጋር ይፋተጋል። አጥብቁት፣ ካልተወው ሁለቱ በሚነካኩበት ቦታ ሻማ ቀቡ።

የሆነ ነገር ይወጋል

ከስር የገባው ብሎን ረዝሟል። የማዕዘኑ ቁራጭ 2 ሴንቲ ፕላይውዱ 1.2 ከሆነ ድምሩ 3.2 ነው፣ ባለ 4 ሴንቲ ብሎን ካሰራችሁ ጫፉ ስፖንጁ ውስጥ ነው ያለው፣ ባለ 3 ቀይሩት፣ ዛሬውኑ፣ ልጅ ሳይዘልበት።